ሕግ የሚጠብቀው የደራሲ ገንዘብ ምንድር ነው?

ባለፈው ጥቅምት፥ የመድኃኔ ዓለም በዓል በሚከበርበት ሰሞን፥ አንድ የቅኔ መምህር ከደጋ ወደ ሳንጃ ወርደው ነበር። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ መሆንዋን አንባቢ ያውቃል። ወራቱ ሰሊጥ የሚታጨድበት ስለ ነበረ ከተማው ለአጨዳ በወረዱ ሠራተኞች ተጨናንቆአል፤ የኔታን ያመጣቸው ግን ማኅሌቱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን ከኪሳቸው አንድ ትንሽ የታተመ መጽሐፍ አወጡና፥ «እስቲ፥ ልጄ፥ ምልክት ያደረግሁባቸውን ሦስቱን ቅኔዎች አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። «የማን ናቸው ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ከቅኔዎቹ በታች የማንም ስም አልተጻፈም፤ በሽፋኑ ላይ ያለው የአሰባሳቢው ስም ብቻ ነው። የኔታም «ሦስቱም የእኔ ናቸው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «የደራሲን ሥራ የሚጠብቅ ዐዋጅ ወጥቶአል ይባላል፤ እውነት እኔንም ይጠብቀኛልን?» አሉኝ።

ወዲያው መልስ ለመስጠት አልቻልሁም። የዐዋጁን ስም ሰምቼ ነበር እንጂ ቃሉን በጥንቃቄ አላነበብሁትም ነበር። ስለዚህ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለምኜ ዐዋጁን ፈልጌ አነበብሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው፤ እንደ እርሳቸው የሚጠይቁ ሌሎች ሊቃውንትም አይጠፉምና። የአሰባሳቢውንና የመጽሐፉን ስም አላነሣም። ሰውየው ለቅኔ ካለው ፍቅር የተነሣ እንዳደረገው አምናለሁ፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገር ነበር። በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 ወጣ፤ ይኸውም በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 872 ተሻሻለ። ማሻሻያው ደራሲዎችና ሙዚቀኞች በማኅበር ሆነው የሚገባቸውን ክፍያ ስለሚሰበስቡበት ሥርዐት በሰፊው ይናገራል። የኔታ የጠየቁት ጥያቄ ግን የሚመለሰው በ1996ቱ ዐዋጅ ነው።

ዐዋጁ «ሥራ» ብሎ የሚቈጥራቸው ብዙ ናቸው፤ መጽሐፍና መጣጥፍ፥ ቴአትር፥ የሙዚቃ ድርሰት፥ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ፥ የሕንጻ ሥራ፥ ካርታ፥ ፎቶግራፍ፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሳይቀር ተቈጥሮአል። በአፍ የሚነገረውንም አልተወም፤ ንግግርና ስብከት በስማቸው ተጠርተዋል። ስብከት ከነዚህ መካከል መቈጠሩን ሲሰማ ደስ የሚለው ሰባኪ፥ ደስታው ከመፈጸሙ በፊት ባለፈው እሑድ የሰበከው የማን ስብከት እንደ ነበረ ቢያስብ መልካም ነው።

ሥራው ጥበቃ እንዲያገኝ ሁለት ነገር ይፈለግበታል፤ ይኸውም ወጥ መሆንና ግዙፍነት ማግኘት ነው። ወጥ የሚለው ቃል በላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያሳስባል፤ ሕጉ የሚፈልገው ግን ያን ያህል አይደለም። ሥራው ከሌላ ተገልብጦ ሳይሆን ከራሱ ከአመንጪው አእምሮ የወጣ ከሆነ ይበቃል። ግዙፍነት ማግኘት ማለት ደግሞ በጽሕፈት ወይም በድምፅ ወይም በሌላ በሚጨበጥ ነገር ላይ መያዝ ማለት ነው። ከነዚህ በቀር ሌላ ሥርዐት መፈጸም አያስፈልግም። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ መብቱን የሚወልደው ምዝገባው አይደለም።

ሥራው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብሎም ዐዋጁ አይጠይቅም። በዚህ ነገር ከቅኔ ቤት ፈጽሞ ይለያል። ትናንት ጉባኤ ቃና መቍጠር የጀመረ ልጅ ቤቱ ሳይመታለት ምሥጢሩም ሳይገጥምለት የጻፋት ሁለት መስመር፥ መምህሩ ከሚያቀርበው መወድስ ጋር በሕግ ፊት እኩል ናት። ይህን ሲሰሙ የኔታ ሳቁ፤ «ዳኛው ቅኔ አያውቅማ!» አሉ። ዳኛው ቅኔ እንዲያውቅ አለመጠየቁ ግን ለእኔ የሕጉ ደግነት ይመስለኛል። ክፉውን ከመልካሙ መለየት የጉባኤና የሐያሲ ሥራ ሆኖ ቢቀር ይሻላል፤ ፍርድ ቤት ስለ ቅኔ ጣዕም መፍረድ ቢጀምር የተከበረው ሁሉ ተከላካይ፥ ያልተከበረው ሁሉ ተዘራፊ በሆነ ነበር።

መዝረፍ ካልን ዘንድ፥ በቋንቋችን «ቅኔ ዘረፈ» ማለት የሰው ቅኔ ወሰደ ማለት ሳይሆን ቅኔ አፈለቀ፥ በጉባኤ አሰማ ማለት መሆኑ ለእንግዳ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። በቅኔ ቤት ግን ነውሩ የታወቀ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም፥ ይልቁንም የሌላውን በራሱ ስም የሚያሰማ፥ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ዐዋጅ ሳይኖር ሊቃውንቱ ወጥነትን የጠበቁት በዚህ እፍረት ነው። ጠባቂውም ጽሕፈት ሳይሆን የሰሚው ማስታወስ ነበር።

ዐዋጁ የማይጠብቀውንም በግልጥ ይናገራል። ዐሳብ፥ ሥርዐት፥ ዘዴ፥ ቀመር፥ መርሕ፥ ግኝትና ተራ መረጃ በሥራው ውስጥ ተጽፈው ቢገኙም እንኳ የማንም ገንዘብ አይሆኑም። የመንግሥት ሕግጋትና ይፋ ትርጕሞቻቸውም እንደዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ዐዋጅ 410ን ራሱን ያለ ፈቃድ የሚያሳትም ሰው በዐዋጅ 410 አይከሰስም።

ይህን በነገርኋቸው ጊዜ የኔታ ፈጥነው፥ «እንግዲያው ሕጉ ሰሙን ይጠብቃል እንጂ ወርቁን አይጠብቅም!» አሉ። አባባሉ ያማረ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይቀበለው ይሆናል፤ እኔ ግን ሙሉ እውነት አይመስለኝም። ምክንያቱን ለመግለጥ ከሦስቱ ቅኔዎች የመጀመሪያውን መመልከት ይበቃል።

ይህ ቅኔ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው። ሰሙ ስለ ፀሐይ መውጣት ይናገራል፤ ወርቁ በቀኝ ስለ ተሰቀለው ወንበዴና ስለ ገነት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በግዕዝ ሠረቀና ሰረቀ የሚሉት ቃላት ናቸው፤ በንጉሡ ሠ ወጣ፥ አበራ ማለት ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለዓይን ግን ሁለት ናቸው። እንግዲህ በዚህ ቅኔ ውስጥ የየኔታ ገንዘብ የቱ ነው? ወንበዴው በመጨረሻይቱ ሰዓት ገነትን ሰረቀ የሚለው ዐሳብ የእርሳቸው አይደለም፤ ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሰባኪ ተናግሮታል፤ ከእርሳቸውም በኋላ ማንም ሊናገረው ይችላል። የሠረቀና የሰረቀ ኅብርም ቢሆን የታወቀ የባለቅኔዎች መሣሪያ ነው። የጉባኤ ቃና ሥርዐት፥ የቤቱ አመታት፥ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ወይም የዋድላ መንገድ፥ ዜማውም ጭምር የሁሉ ናቸው። የእርሳቸው የሆነው ያን ዐሳብ በዚያ ኅብር አስረው፥ በእነዚያ ቃላት፥ በዚያ ቅደም ተከተል ያቆሙት ሁለት መስመር ነው። በዚህ መስመር ውስጥ ሰሙም ወርቁም አብረው አሉ፤ ወርቁ ከቃሉ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ነገር አይደለምና። ሌላ ባለቅኔ ስለዚያው ወንበዴ በዚያው ኅብር ሌላ ቤት ቢመታ የኔታ ሊከሱት አይችሉም፤ ደግሞም አይፈልጉም። ቃሉን እንዳለ የወሰደ ግን ሰሙንም ወርቁንም ወስዶአል። ስለዚህ ሕጉ የሚጠብቀው ከወርቅና ከሰም አንዱን ሳይሆን የሁለቱን መጋጠሚያ ነው ብል ወደ እውነቱ የቀረብሁ ይመስለኛል።

የባሰው ነገር ግን መጽሐፉ ቅኔውን ያሳተመው በሌላ ፊደል መሆኑ ነው። የኔታ በገዛ እጃቸው በደብተራቸው ላይ በንጉሡ ሠ ጽፈውት ነበር፤ ቀኑንም በዓሉንም አስፍረውበታል። አሰባሳቢው ወይም አታሚው የፊደል ልዩነት አያሳስበውምና በእሳቱ ሰ ለቅሞ አቆመው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የምትወጣው ፀሐይ ሌባ ሆና ተገኘች። የሚያነበው ሰው ሰሙ ስለ ጠፋበት ባለቅኔውን ያልተማረ አድርጎ ይገምተዋል። የዐዋጁ አንድ ክፍል ለዚህ የተጻፈ ይመስላል። ለአመንጪው ሁለት ዐይነት መብት ይሰጠዋልና፤ አንደኛው ኢኮኖሚያዊ ነው፥ ማባዛት፥ መተርጐም፥ ማሠራጨት፥ በሕዝብ ፊት ማሰማት የመሳሰለው። ሁለተኛው የሞራል መብት የተባለው ነው። በዚህም የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት፥ ከፈለገም በብዕር ስም ወይም ያለ ስም እንዲቀር፥ ክብሩን የሚነካ መጣመምና መቈረጥ በሥራው ላይ ሲደርስ እንዲቃወም ተፈቅዶለታል። የኔታ ገንዘብ አልጠየቁም። «ስሜና ንጉሡ ሠ ይመለሱልኝ» ነው ያሉት፤ ይህ የመጀመሪያው ቅኔ በደብተር ላይ ስለ ተገኘ ሁለቱንም መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ ጥንቱ ልማዳችን እዚህ ላይ ጥቂት መናገር ይገባል። በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን፥ የፋቀውንም፥ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ እናገኛለን። አንዳንዶች ይህን የቅጅ መብት አባት አድርገው ሲያቀርቡት ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ውግዘቱ የጠበቀው ብራናውን ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠው መጽሐፍ እንዳይወጣ፥ የሰጪው ስም እንዳይፋቅ ነው። ከመጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ መገልበጥ ግን ጽድቅ እንጂ ነውር አልነበረም። የአየርላንድ ክርስቲያኖች የሚተርኩት ታሪክ ከዚህ ጋር ቢመዘን ደስ ያሰኛል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኩሴ ኮሉምባ የመምህሩን የፊንያንን መዝሙረ ዳዊት በሥውር ገለበጠ፤ በተካሰሱም ጊዜ ንጉሡ ጥጃ ለላሚቱ እንደሚገባ ግልባጩም ለመጽሐፉ ባለቤት ይገባል ብሎ ፈረደ ይላሉ። ተረት ቢሆንም ጥያቄውን በደንብ ያሳያል፤ ያ ፍርድ ለብራናው ባለቤት አደላ እንጂ ለደራሲው ለዳዊት ምን እንደሚገባው ያሰበ የለም። ደራሲን የመብቱ ባለቤት ያደረገ ሕግ በእንግሊዝ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው፤ ማተሚያ መጥቶ ግልባጭ ንግድ ከሆነ በኋላ ማለት ነው። የብራና ጸሓፊ በወራት አንድ መጽሐፍ ሲገለብጥ ደራሲውን የሚጎዳው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ቅኔ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ነው። የኔታ ካቻምና እዚሁ ሳንጃ በማኅሌት አሰሙት፤ በዚያ የነበረ አንድ ወጣት በስልኩ ቀረጸው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ ወደ አሰባሳቢው ደረሰ። እዚህ ላይ ሕጉ ከጠበቅነው ይልቅ ረቂቅ ነው። ቅኔው በድምፅ ስለ ተያዘ ግዙፍነት አግኝቶአል። የቀረጸው ወጣት በቀረጸው ድምፅ ላይ ተዛማጅ መብት አለኝ ቢል እንኳ ቅኔው የእርሱ አይሆንም፤ ድምፅ የያዘ ሰው ቃሉን አልፈጠረውምና። ከዚህም በላይ የኔታ በዚያ ሰዓት ሁለት ሰው ነበሩ፤ ቅኔውን የፈጠሩ አመንጪ፥ በጉባኤም ያሰሙ ከዋኝ። ለከዋኝ ደግሞ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ሌላ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀርጽበት የመከልከል መብት ተሰጥቶታል። በማኅሌት ጊዜ ስልክ የሚያወጡ ሁሉ ይህን ቢያውቁት አይጎዱም።

ከማኅሌቱ ወጥተን ወደ ሜዳው ብንሄድ ነገሩ ይለወጣል። በአርማጭሆ ቀረርቶና ፉከራ ከእህል ጋር አብሮ የሚበቅል ይመስላል። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ ጀምሮ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እስከ ነበረው የዐርበኝነት ዘመን ድረስ ያለውን የሚያነሡ ግጥሞች ዛሬም በዚህ ቆላ ይባላሉ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። ዐዋጁ መብቱን የሚለካው በአመንጪው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ባለው ኀምሳ ዓመት ነው፤ ስሙ የማይታወቅ፥ ሞቱም የማይቈጠር ሰው በዚህ መስፈሪያ አይሰፈርም። እነዚህን ግጥሞች በካሴት ያወጣ ዘፋኝ በራሱ አዘፋፈንና በቅጂው ላይ መብት ይኖረዋል፤ ግጥሙን ግን ነገ ሌላው ቢለው «የእኔን ወሰደ» ሊል አይችልም። ሲል ግን ሰምተናል።

መስፈሪያው ላወቅነው ደራሲ ቀላል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ ዐረፉ፤ በዚህ ልክ ቢቈጠር የድርሰታቸው ዘመን በ1981 ዓ.ም. ይፈጸማል። እርሳቸው የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬም መጽሐፈ ቅኔ ባሉት ሥራቸው ላይ ዝክረ ሊቃውንት የሚል ስም ጨምረዋል። ዝክር ያለ ስም አይሆንም። እነዚህ አሰባሳቢዎች ዐዋጅ 410 ሳይወጣ ያከበሩትን የዛሬው አሰባሳቢ ዐዋጁ ወጥቶ ሳለ መርሳቱ የሚያሳዝን ነው። አሰባሳቢነት ራሱ በሕግ የተናቀ አይደለም፤ ምርጫውና አደራደሩ ወጥ ከሆነ በዚያ መጠን የራሱ ጥበቃ አለው። የሰበሰባቸውን ሰዎች መብት ግን አይሽርም።

የቀረው ሦስተኛው ቅኔ ነው፤ ጭንቁም በእርሱ ላይ ነው። የኔታ ይህን ቅኔ ከዓመታት በፊት በአንድ ክብረ በዓል አሰምተውት ነበር። አልጻፉትም፤ በዚያ ዘመን የቀረጸም የለም። የያዙት ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው፥ እነርሱም በቃላቸው። ታዲያ ሕጉ ግዙፍነት የሌለውን አልጠብቅም ሲል፥ ቅኔው ከአፍ በወጣበት ቀን ለማንም የተተወ ነበርን? አንዱ ወገን «አዎን፥ ያልተያዘ ነገር ባለቤት የለውም» ብሎ መከራከር ይችላል። ሌላው ወገን ግን፥ «አሰባሳቢው ራሱ ባሳተመው ቀን ቅኔው ግዙፍነት አገኘ፤ አመንጪ ማለት ደግሞ ያሳተመ ሳይሆን በአእምሮው የፈጠረ ሰው ነው» ብሎ ይመልስለታል። የኋለኛው ክርክር ለእኔ የበረታ ይመስለኛል። ቢሆንም ነገሩ ወደ ምስክር ይወርዳል፤ ምስክሮቹም ዛሬ ተበታትነዋል፤ አንዱ በደብረ ታቦር፥ አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ ነው።

ሕጉን በዚህ ነገር ልወቅሰው አስቤ ነበር። የቅኔ ቤት ለዘመናት የኖረው በቃል ነውና፥ የተጻፈውን ብቻ የሚያውቅ ሕግ ለእኛ በልክ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ነገር ግን ዳኛው ከሃያ ዓመት በፊት በአየር ላይ ያለፈውን ቃል በምን ይመዝነው? ቃሉ ሳይያዝ ሁሉም «የእኔ ነበር» ቢል እውነተኛው ባለቤት ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ወቀሳዬን ግማሹን ከሕጉ አንሥቼ ቅኔ ተቀብለን የመምህሩን ስም ሳንጽፍ በምናስቀር በእኛ በተማሪዎቹ ላይ አድርጌዋለሁ። በእኔም የጥናት ደብተር ውስጥ ስም የሌላቸው ቅኔዎች አሉ፤ የማን እንደ ነበሩ ዛሬ ብጠየቅ ስለ ጥቂቶቹ ብቻ መመለስ እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ለየኔታ በተናገርሁ ጊዜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ለአሰባሳቢው ደብዳቤ እንድጽፍላቸው፥ በሚቀጥለው ኅትመት ስማቸውንና ፊደሉን እንዲመልስ፥ ሌላ እንዳልጨምር አዘዙኝ። ከዚያ በኋላ፥ «ሦስተኛውንም እንግዲህ ጻፈው፤ ግዙፍ ይሁን» አሉ። ወረቀት አወጣሁ። እየተናገሩ እየጻፍሁ ወደ መጨረሻው ቤት ስንደርስ ቆም አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያም በመጽሐፉ ውስጥ በታተመው ቃል ፈንታ ሌላ ቃል ተናገሩ። «የኔታ፥ ይህ ከታተመው ጋር አይገጥምም፤ ለማስረጃ ይቸግረናል» አልኋቸው።

«አውቃለሁ፤ ይኸኛው ግን ይሻላል» አሉኝ። እንደዚያው ጻፍሁት።